የሉባባ ሦስተኛ እድሳት

ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት አንባቢዎች አንደኛዋ እኔ ነኝ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ የቀበሌያችን ላብራቶሪ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ነው የሚለው። ረውዳ ይማም፣ ዕድሜ አስራ ስድስት፣ ንባብ ሁለት መቶ አስራ አራት፣ ስህተት ዜሮ። ዜሮዋን በየቀኑ ሄጄ አያታለሁ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ጓደኛዬ ኢክራም ግን አስራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ መነጽር ሰክታ፣ አምስት ስህተት ተሸክማ ትዞራለች። መነጽሩ ምን እንደሚያሳያት እንጃ።

አንባቢ ማለት እንዲህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጨርስ የለበሰውን ቱታ ዝም ብሎ አያወልቅም። መውጫው ክፍል ውስጥ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይቆማል። አንባቢው ከመስታወቱ በዚህ በኩል ቆሞ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያነብለታል። አንድ፣ ቁሚ። ሁለት፣ እጅሽን ዘርጊ። ሦስት፣ ዙሪ። እንዲህ እያለ እስከ ሠላሳ አንድ ይሄዳል። ያልተነበበ አይደረግም፤ የተነበበ ይደረጋል። አንባቢው የሠራተኛው ቤተሰብ መሆን አለበት። የገዛ ዘመዱ መስታወት ውስጥ ቆሞ ማን ይዘናጋል ተብሎ የወጣ ደንብ ነው።

እኔ የማነበው ለእህቴ ለሉባባ ነው። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። የሆነ ነገር ስፈልግ «እቴ» እላታለሁ፤ ሳልፈልግ «ሉቢ»።

ድሮ ሰፈሩ ሁሉ ወፍጮ ቤት ነበረው ይላሉ፤ አሁን ቀበሌው ሁሉ ላብራቶሪ አለው። የእኛው የከብት በሽታ ነው የሚያረባው፣ ለክትባት። በሽታው ወደ ሰው መተላለፍ ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ያውቃል። ሰው ብቻ አይደለም እንግዲህ ተከታታይ ትምህርት የሚወስደው።

ሥልጠና የማይቆጠርበት ነገር የለም። መንገድ ላይ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ «ስንት ሰዓት ቀረሽ?» ነው የሚባባለው፤ ለዓመቱ ያልሞላ የሥልጠና ሰዓት ማለት ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ከመብላቷ በፊት እጇን ትታጠባለች፤ እንግዳው ሁሉ እያጨበጨበ እስከ አርባ ይቆጥርላታል፤ የተገኘው ሁሉ ሩብ ሰዓት ይያዝለታል። ለቅሶ ቤት ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ይበዛል፤ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ደግሞ ወዲያው ይሄዳል።

የላብራቶሪ ሠራተኛ ፈቃድ በየዘጠና ቀኑ ይታደሳል። ፈተናው በደረቅ አይደለም። ድሮ ጀርሙን የሚመስል ዱቄት ነበር የሚረጩት አሉ፤ በዱቄት የተማረ ሰው እንደማይጠነቀቅ ተጠንቶ ቀረ። አሁን የሚረጨው ራሱ ጀርሙ ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ማሳያ ይሆናል። ማሠልጠኛው ምድር ቤት ያለው መስታወት ክፍል ውስጥ ይኖራል። አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ ይለብሳል፣ ይረጭበታል፣ ይነበብለታል፤ እነሱ ያያሉ። ያመመው ይታከማል። አንድ ማሳያ በአማካይ አስራ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። ከዚያ ስሙ ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል፣ ከምስጋና ጋር።

ሉባባ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንዴ ቱታው ውስጥ አስነጠሳት። አንዴ ደግሞ ስትዞር ጉልበቷ ከዳት። ሁለቱም የእሷ ጥፋት ነው፤ የእኔ ዜሮ አልተነካም። ሦስተኛው እድሳት ሐሙስ ነበር።

አሁን ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ የተነበበለት ሰው ቤቱም ሲገባ ያው ነው። ሉባባ ከሥራ ስትመጣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ እጇን ዘርግታ። «ጫማ» ስላት ጫማዋን ታወልቃለች። «ግቢ» ስላት ትገባለች። ምግብ ቀርቦላት «ብይ» ካላልኳት ሳህኑን ታየዋለች። የላብራቶሪ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው፤ ማንም አይገረምም። እኔ ግን ልጅ ነኛ፣ እጫወትባታለሁ። «ሉቢ፣ አንድ እግርሽን አንሺ» እላታለሁ፤ ታነሳለች። አንዴ ሽንኩርት እየላጠች «ቁሚ» ብያት ረስቼ ሱቅ ሄድኩ። ስመለስ ቢላዋውን ይዛ ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ከሽንኩርቱ ነው።

አንድ ክረምት ደግሞ ጫማዋን እንኳ ሳላስወልቃት ኢክራም ጠራችኝና ሮጥኩ። ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ዝናብ መጣ። ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ በሩ ላይ ጃንጥላ ይዘውላት ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ አላህን አትፈሪም?»

«ምን አደረግኳት? ግቢ ብትባል ትገባ የለ?»

«እኔ ብያት እምቢ አለች! አንባቢዬ አይደሉም አለችኝ!»

«ታዲያ እሱ የእኔ ጥፋት ነው?» አልኩና «ጫማ» አልኳት። ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ጎንበስ ብላ አወለቀች። እትዬ ሽታዬ ጃንጥላቸውን አጥፈው «ውሃ ያነሰው ጭንቅላት» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አይሉኝም። እኔም አልሞትኩም።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ማሻሻያ መጣ። ማሻሻያ ማለት ዝርዝሩ ላይ የሚጨመር ወይ የሚቀነስ ነገር ነው፤ በወር አንዴም ሁለቴም ይመጣል። ለሠራተኞች የአራት ሰዓት ትምህርት ነው፤ ለአንባቢ አርባ ስድስት ገጽ ጽሑፍ። መጨረሻው ላይ «ተረድቻለሁ» የምትል ቁልፍ አለች።

እኔ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የኢክራም እህት ሠርግ ቤት ነበርኩ። ሁለቱም እጄ እስከ ክርኔ ሂና ተቀብቷል፣ ገና እርጥብ ነው። ታብሌቱ ጮኸ። ኢክራም ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አንብቢው እንጂ፣ ሐሙስ እኮ ነው የእህትሽ።»

«ምን ይለዋል? ያው ነው። ባለፈው ‹ቀስ ብለሽ› የሚለውን ‹በዝግታ› ነው ያደረጉት።»

«እኔ ላንብብልሽ?»

«አምስት ስህተት ይዘሽ ለእኔ ልታነቢልኝ?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ኢክራም መነጽሯን አወለቀችና ጠረገችው፤ እንዲህ የምታደርገው ሲከፋት ነው። ቁልፏ ቆዳ ካልነካት አትሠራም። እጄ ሂና ነው። ጎንበስ ብዬ በአፍንጫዬ ተጫንኳት። «ተረድቻለሁ» አለች፣ አረንጓዴ ሆነች። ሴቶቹ ደግመው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቀኑ ያማረ ነበር።

ቤት ስገባ ሉባባ ትምህርቷን ጨርሳ ተቀምጣለች። ስታጠና ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ጣቷ ቀለም በቀለም ነበር። ብዙ አታወራም፤ ያን ቀን ግን ራሷ ጀመረችው።

«ረውዳ፣ አዲሱን አየሽው?»

«ሸምድጄዋለሁ።»

«አስራ ስምንተኛውን?»

«እቴ፣ ለማን ነው የምትነግሪው? ሠላሳ አንዱንም ከኋላ ወደ ፊት ልበልልሽ?»

ትንሽ አየችኝ። «ሠላሳ አንድ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ይመስል። እኔ የሂናዬን ቅርፊት እየፈቀፈቅኩ ነበር። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ፈታኞች መጡ። ዋናዋ ሲስተር አመለወርቅ ናቸው። ጸጉራቸው ሽበት ነው፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ክፍል መምህር ለስላሳ ነው፤ እሳቸው ሰው ሲጥሉ ሰውየው መውደቁን የሚያውቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው ይባላል። ዝርዝሩ ፊት ለፊቴ ስክሪኑ ላይ በርቷል። እኔ ስክሪን አላይም። ስክሪን የሚያዩት እነ ኢክራም ናቸው። እኔ የማየው ፈታኞቹ እያዩኝ እንደሆነ ነው።

ሉባባ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። ቱታዋ እርጥብ ነው፤ የተረጨው ነገር ትከሻዋ ላይ ያብረቀርቃል። እጇን አርቃ ቆመች።

ጀመርኩ። ድምፄን የዜና አንባቢ አስመሰልኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። ስትዞር ጉልበቷን አየሁት፤ ጸና። ሰባት ላይ የመድኃኒት መርጫው ተከፈተ፤ አስራ አንድ ላይ ተዘጋ። ከፈታኞቹ አንዱ ሰዓቱን አይቶ በአድናቆት ቅንድቡን አነሳ፤ ፈጣን ነበርኩ። አስራ አራት፣ ቦቲ። አስራ ሰባት፣ የውጭውን ጓንት አውልቂ። አወለቀች። የውስጠኛው ስስ ጓንት ቀረ።

«አስራ ስምንት፣ በቀኝ እጅሽ የፊት መከለያሽን ይዘሽ አንሺ።»

አልያዘችም።

እጇ አየር ላይ ቆሟል። በመከለያው ውስጥ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆየች። እኔ ምን አሰብኩ? ልታዋርደኝ ነው አልኩ። ፈታኞቹ ፊት ልታዘገየኝ።

«አስራ ስምንት!» አልኩ። «መከለያ! ምን ይጠበቃል?»

እጇን አነሳች። መከለያውን ያዘች። አወለቀች። ጣቷ አገጯን ነካ።

ሲስተር አመለወርቅ በለሰለሰ ድምፃቸው «በቂ ነው፣ አመሰግናለሁ» አሉ።

እኔ ጨርሻለሁ ብዬ ፈገግ አልኩ። እንዲያውም ለኢክራም ምን ብዬ እንደማወራላት እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ስክሪኑን አየሁ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። አስራ ስምንት፣ የውስጥ ጓንትሽን ወደ መብራቱ ዘርጊ፣ ቀዳዳ እንዳለ ተመልከቺ፣ ካለ ወደ መርጫው ተመለሺ። መከለያ አስራ ዘጠኝ ነበር። ዝርዝሩ ሠላሳ ሁለት ሆኗል።

ጓንቱ ቀዳዳ ነበረው። ፈታኞቹ ራሳቸው ናቸው ጠዋት በመርፌ የወጉት። አዲስ የተጨመረ ነገር ሁሌ ይፈተናል፤ ያልተወጋ ጓንት ምኑ ይፈተናል? ይህን ማንኛውም ሠራተኛ ያውቃል። ሉባባም ታውቃለች።

በሩ ከውስጥ ተቆለፈ። ሦስት ሰዎች በሌላኛው በር ገብተው ወሰዷት። ስትሄድ እጇን እንደዘረጋች ነበር፤ ዝቅ አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ተለጠፈ። ሉባባ ይማም፣ ሦስተኛ ውድቀት፣ ወደ ማሳያ ተዛውራለች። ረውዳ ይማም፣ ንባብ ሁለት መቶ አስራ አምስት፣ ስህተት ዜሮ። ደግሜ አነበብኩት። ስህተት ዜሮ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የሚጻፈው እጁን ባነሳው ሰው ላይ ነው። አልቅሼ ነበር፤ ዜሮዋን ሳይ ግን አንዴ ቀጥ አልኩ፣ አልዋሽም።

ሃያ አንድ ቀን ለብቻዋ አስቀመጧት። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ በአስራ ሦስተኛው ለቀቃት። የግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ይህን የነገረኝ የማሠልጠኛው በር ላይ ያለው ስክሪን ነው፤ መግባት አይፈቀድም። ቤት ውስጥ «ብይ» የምለው ሰው አልነበረም። አንዳንዴ በሩን ከፍቼ ደጃፉን አየው ነበር። እትዬ ሽታዬ በመስኮታቸው ያዩኝና መጋረጃቸውን ይዘጋሉ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ሲስተር አመለወርቅ ቤቴ ድረስ መጡ። ነጭ ጋዋን ይዘውልኛል፤ ኪሱ ላይ ስሜ ተጠልፏል።

«የማሠልጠኛው አንባቢ ጡረታ ወጣ» አሉኝ። «በሠልጣኞች ፊት ለማሳያዎቹ የሚያነብ ሰው እንፈልጋለን። በወረዳው ውስጥ ዜሮ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ?»

«የሚነበብላት እህትሽ ናት። ቤተሰብ መሆን አለበት ይላል ደንቡ፤ ይስማማል።»

ጋዋኑን ለካሁት። ልክ ነበር። መስታወት ፊት ዞር ዞር አልኩ፤ ሲስተር ወንበር ላይ ሆነው ያዩኛል። ከዚያ እንደ ቀላል ወሬ፣ ቦርሳቸውን እየዘጉ፣ እንዲህ አሉኝ።

«እህትሽ ግን ገርማኛለች። ያው ማሻሻያው ላይ ገጽ አርባ ሦስትን አይተሻል። ሠራተኛ አንባቢው እንደዘለለ ካወቀ ግራ እጁን ጨብጦ ማንሳት ይችላል። ስህተቱ ያኔ በአንባቢው ነው የሚጻፈው። በፈተና ቀን የዘለለ አንባቢ ደግሞ በሠራተኛው ፈንታ እሱ ማሳያ ይሆናል። ጨብጣ ብታነሳ ኖሮ ዛሬ መስታወቱ ውስጥ የምትሆኚው አንቺ ነበርሽ። የአራት ሰዓቱን ትምህርት ደግሞ መቶ ከመቶ ነው ያመጣችው።»

ጋዋኑን እንደለበስኩ ተቀመጥኩ።

እነዚያ ሁለት ትንፋሾች! እያየችኝ የቆመችው ለዚያ ነው። ታውቅ ነበር። እያወቀች ስለ እኔ ብላ አነሳችው። በሕይወቴ ሙሉ ማንም ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎልኝ አያውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጠዋት ሮጬ ለኢክራም ነገርኳት።

«ሕይወቷን ሰጠችኝ እኮ! ለእኔ!»

ኢክራም መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ብትሆኚ ጨብጠሽ ታነሺ ነበር» አለችኝ።

«ቅናት ነው የሚያናግርሽ!» ብያት ሄድኩ።

ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናት የምላትን አዘጋጀሁ። ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩ፣ ደግሜ ጻፍኩት፤ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ እንኳ እንዲህ ለፍቼ አላውቅም። ይቅርታ የሚለውን መጀመሪያ ላይ ላድርገው ወይስ መጨረሻ ላይ ብዬ ተጨነቅኩ። እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳሽም የሚል አለበት። ዋና አንባቢ ሆኜ፣ ሲስተርን ለምኜ፣ ከዚህ አወጣሻለሁ የሚልም አለበት። እዚያ ቦታ ላይ ራሴንም ያስለቅሰኝ ነበር።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሆነ። አርባ ሠልጣኞች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ማስታወሻ ይዘዋል፤ አብዛኞቹ እኔን ያክላሉ። አንዷ ማስቲካ ታኝካለች። ሲስተር አመለወርቅ ከጎኔ ቆመዋል። መስታወቱ በራ።

ሉባባ ቆማለች። ቱታው ሰፍቷታል። ትከሻዋ ላይ የተረጨው ያብረቀርቃል። ጭንቅላቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ የቀኝ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙራለች። እጇን ከሰውነቷ አርቃ ዘርግታዋለች። የውስጥ ጓንቷ እንደተወጋ ነው፤ ማሳያ ሁሌ የወደቀበትን ነው የሚደግመው።

«ጀምሪ» አሉ ሲስተር።

አንድ አልኩ። ቆመች። ሁለት አልኩ። ዘረጋች። ሦስት አልኩ። ዞራ ቆመች። ወረቀቱን ከጋዋኔ ኪስ አወጣሁ፤ የዝርዝሩን አይደለም፣ የራሴን። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ማስቲካ የምታኝከዋም ማኘኳን አቆመች።

«እቴ» አልኳት። «ሁሉን አውቄያለሁ። ሲስተር ነገሩኝ። ጨብጠሽ ማንሳት ትችይ ነበር። አላነሳሽም፤ ለእኔ ብለሽ። እኔ እንዳልገባ ብለሽ ራስሽን ሰጠሽ። እኔ ደግሞ በዝናብ አቁሜሽ የሄድኩ ነኝ። ይቅር በይኝ። እስከ ዕለተ ሞቴ…» እዚህ ላይ እንባዬ ቀደመኝ፤ ወረቀቱ ረጠበ። ከሠልጣኞቹ አንዷ ስታለቅስ ሰማኋት። በእውነት ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። «ንገሪኝ ብቻ፣ እቴ። ለእኔ ብለሽ አይደል? አንድ ቃል በይኝ።»

ሉባባ ከመከለያው ውስጥ አየችኝ። ቁጣ የለባትም። ጫማሽን ያወለቅሽው ለምንድነው የተባለ ሰው ግራ ሲገባው የሚያየውን አስተያየት ነው ያየችኝ።

«ላንቺ ብዬ?» አለች። «አንሺ አልሽኝ፣ አነሳሁ። በይ አራትን አንብቢ፣ እጄን ደክሞኛል።»